ጭነቱና ጫኙ፦ ከሽንሌ እስከ ደወሌ ስላለው የባቡር ፎቶግራፍ

የፎቶግራፍ ጥበብ ከሌሎቹ የኪነ ጥበብ ዘርፎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሠዓሊው በባዶ ሸራ ላይ እየጨመረ ሲሠራ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ከሞላው ዓለም እየቀነሰ ይሠራል። ካሜራውን ወደ አንድ አቅጣጫ ባዞረ ቁጥር ሌላውን ይተዋል፤ በክፈፉ ውስጥ የገባው ለትውልድ ሲተላለፍ ከክፈፉ ውጭ የቀረው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህም የፎቶግራፍ ሂስ ሥዕሉ ጠርቶ ወጥቷል ወይስ አልወጣም በሚለው ጥያቄ ብቻ ሊወሰን አይችልም። ምን ገባ? ምን ቀረ? የቀረውስ ስለ ምን ቀረ? ብሎ መመርመር የሐያሲው ግዴታ ነው።

ይህን ጥያቄ ከድሬዳዋ ወጥቶ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚወርደው የባቡር መሥመር ፎቶግራፎች ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። መሥመሩ ከጅምሩ አንሥቶ በካሜራ ፊት የኖረ ሥራ ነው። ድልድዩ፣ ሎኮሞቲቩ፣ ጣቢያው፣ በረሃው በተደጋጋሚ ተነሥተዋል። ዳሩ ግን መሥመሩ በዋነኛነት የኖረው ዕቃ በማመላለስ ሆኖ ሳለ ጭነቱና ጫኙ በሥዕሎቹ ውስጥ ያላቸው ቦታ እጅግ አነስተኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም ይኸው ነው፦ የጭነት ባቡር ፎቶግራፍ ዋጋ መለካት ያለበት ጭነቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደጫነውና ባቡሩ የሚያልፍበት ምድር የማን እንደሆነ ለተመልካቹ በማሳወቁ ነው።

መሥመሩና አገሩ

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ የድሬዳዋ ከተማ ካለችበት ሥፍራ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የገንዘብ ችግርና የመንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ካጓተተው በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመሥመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

በመጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን የተራራው አቀበት ሥራውን ከባድና ውድ ስላደረገው መሥመሩ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ይህ ውሳኔ የምሥራቁን የንግድ ካርታ ለወጠው። ከዘይላና ከበርበራ በጅጅጋ በኩል ይመጣ የነበረው የግመል ሲራራ ንግድ ከባቡሩ ጋር መወዳደር ግድ ሆነበት። ጅጅጋ ሐዲድ ሳይደርሳት ቀረች፤ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ግን የባቡር ጣቢያ ሆኑ።

እነዚህ ጣቢያዎች ያሉበት፣ ዛሬ በሶማሌ ክልል የሲቲ ዞን የሚባለው ምድር፣ በአብዛኛው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች አገር ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ በባዶ መሬት ላይ አልተዘረጋም፤ ከብትና ግመል በሚሰማራበት፣ የውኃ ጉድጓዱ ሁሉ ባለቤትና ሥርዓት ባለው አገር ላይ ነው። በግንባታው ዘመን ግጭት የተነሣውም ስለዚህ ነበር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያለ ውኃ ስለማይሠራ መሥመሩ የውኃ ማደያ ሥፍራዎች ያስፈልጉት ነበር፤ ውኃ ባለበት ደግሞ እረኛው ከከብቱ ጋር፣ ነጋዴው ከዕቃው ጋር ይሰበሰባል። የጣቢያ መንደር የሚወለደው በዚህ ዓይነት ነው።

በዚህ መንገድ ምን ምን ተጓዘ? ወደ ወደቡ ቡናና ቆዳ ወረደ፤ ጫት ለጅቡቲ ገበያ በየጊዜው ተላከ፤ የቁም ከብትም ተጫነ። ወደ ውስጥ ደግሞ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ነዳጅ፣ ማሽንና እህል ወጣ። የመንገደኛና የጭነት ፉርጎዎች ተቀላቅለው ስለሚጓዙ በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ጥቅላቸውን ይዘው በየጣቢያው ይወጡና ይወርዱ ነበር። የባቡሩ ሕይወት ማለት ይህ ነበር። የካሜራው ዓይን ይህን ሕይወት እንዴት ተመለከተው?

የመሐንዲሱ ዓይን

ካሜራ ወደ ምሥራቁ አገር ከሐዲዱ ቀድሞ ነው የገባው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በንግድ ሥራ ሐረር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ካሜራ አስመጥቶ ጥቂት ሥዕሎች አንሥቷል። ኢልግም ራሱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ያከማቸው የፎቶግራፍ ስብስብ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሐዲዱ መዘርጋት ከጀመረ በኋላ ደግሞ የግንባታው ሥዕሎችና በጅቡቲ ግዛት ያሉት የሸበሌና የሆልሆል ድልድዮች የታተሙባቸው ፖስት ካርዶች በአውሮፓ ተሠራጩ።

እነዚህ ሥዕሎች ታላቅ ጥቅም አላቸው። ድልድዩ በምን ዓይነት ብረት እንደተሠራ፣ አፈሩ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ሐዲዱ ከየት ወዴት እንደታጠፈ በትክክል ያሳያሉ። ያለ እነርሱ የመሥመሩን የምሕንድስና ታሪክ መጻፍ አዳጋች በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ የመሐንዲስ ፎቶግራፍ ሰውን የሚያስገባበት የታወቀ ዘዴ አለ። ሰው ከድልድዩ እግር ሥር የሚቆመው የድልድዩ ቁመት እንዲታወቅ ነው፤ እንደ ሜትር መለኪያ ያገለግላል። ያ ሰው ሶማሌ ይሁን የመናዊ፣ ኦሮሞ ይሁን አማራ፣ የቀን ሙያተኛ ይሁን መንገደኛ፣ ሥዕሉ አይናገርም። ከሥሩ የተጻፈው መግለጫም የድልድዩን ስም ሲጠራ የሰውየውን ስም አይጠራም።

ሥዕሎቹ የተነሡት ገንዘባቸውን ላወጡ ባለአክሲዮኖች ሥራው መከናወኑን ለማስረዳት ስለነበር ይህ መሆኑ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ገንዘብ አውጪው ከተለወጠ፣ ሎኮሞቲቩ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ከተሸጋገረ፣ አገሩም ሌላ ሥርዓት ካየ በኋላ ይኸው አመለካከት ሳይለወጥ መቆየቱ ነው።

የመንገደኛው ዓይን

ሁለተኛው ዓይን የመንገደኛውና የባቡር አፍቃሪው ነው። ይህ ዓይን የሚፈልገው ውበትን ነው፦ ጢስ፣ ረጅም ጥላ፣ ጠመዝማዛ ሐዲድ፣ ከኋላ ሰማያዊ ተራራ። ፎቶግራፍ አንሺው አስቀድሞ ኩርባ ወይም ድልድይ ያለበትን ሥፍራ መርጦ ይቆማል፤ ባቡሩ ሲያልፍ ያነሣል፤ ካለፈ በኋላ ወደ መኪናው ይመለሳል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ማለፊያ ነው። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ሥዕል ባቡሩ ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ነው፤ የትም አይደርስም፤ ማንም አይጭነውም፤ ማንም አያወርደውም።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የአሮጌው መሥመር ጉዞ ሲቆም፣ ከድሬዳዋ ወደ ጠረፍ ያለውም ሲዳከም፣ የመንገደኛው ዓይን አዲስ ዓይነት ውበት አገኘ፤ የዝገት ውበት። ሣር የበቀለበት ሐዲድ፣ ቀለሙ የተላጠ ፉርጎ፣ ሰዓቱ የቆመ የጣቢያ ግድግዳ የሥዕል ርእስ ሆኑ። ዝገት በካሜራ ፊት ደስ ይላል፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ገጽታው ሻካራ ነው። ሆኖም በዝገቱ ምክንያት ስንት ሰው ከሥራ እንደወጣ፣ በአዲጋላ ጣቢያ ሻይ ታፈላ የነበረች ሴት ወዴት እንደሄደች፣ ያ ሥዕል ለመናገር አይሞክርም። ሐዘኑን ለብረቱ ሰጥቶ ሰውን ይረሳል።

ከዚህ አመለካከት ለመውጣት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ በፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከልና በሻማ ቡክስ የታተመው የኡግ ፎንቴን መጽሐፍ ተጠቃሽ ነው። ርእሱ «ባቡር በአፍሪካ» ማለት ነው። መጽሐፉ የመሥመሩን ታሪክ ከድሮ ሥዕሎችና ከማትዩ ዠርሜን ላምቤርና ከፒየር ዣቭሎ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፎች ጋር አቀናጅቶ አቅርቧል። የድሮውንና የአሁኑን ሥዕል በአንድ ጥራዝ አገናኝቶ ማቅረቡ ብቻውን ትልቅ አገልግሎት ነው፤ አንባቢው የጊዜን ሥራ በዓይኑ ያያል። ጉድለቱ ከይዘቱ ይልቅ ከሚደርስበት ወሰን ላይ ነው። የተጻፈው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በመሆኑ በሽንሌ የሚያስተምር መምህር፣ በድሬዳዋ ጡረታ የወጣ የፍሬን ሠራተኛ፣ በአይሻ የሚኖር የኢሳ ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው ሊያነበው አይችልም። ስለ እነርሱ የተባለውን አንብበው ለማረም ወይም ለመጨመር ዕድል ያላገኙ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ የሚታዩ እንጂ የሚናገሩ አይሆኑም።

የበረሃው ብርሃን

ነቀፌታው ሁሉ በፎቶግራፍ አንሺው ፈቃድ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። በዚያ አገር ብርሃኑ ራሱ ከባድ ዳኛ ነው። ሥፍራው ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ፀሐይዋ በቀትር ከራስ በላይ ትቆማለች። መሬቱ ነጣ ያለ ነው፤ ብርሃኑን መልሶ ይወረውራል። ሙቀቱ አየሩን ስለሚያርገበግበው ከሩቅ የሚመጣ ባቡር በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ሰዓት የደመቀውና የጨለመው ልዩነት ፊልም ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ይሆናል።

ጫኝና አውራጁ ግን በቀትር የሚገኘው የት ነው? በፉርጎው ጥላ ሥር ነው። ዛፍ በሌለበት ጣቢያ የቆመ ባቡር ብቸኛው ዳስ ነው፤ ሰዎች ከመንኮራኩሩ አጠገብ ተቀምጠው ያርፋሉ፣ ይበላሉ፣ ሒሳብ ይተሳሰባሉ። ፎቶግራፍ አንሺው የብርሃን መጠኑን ለሰማዩና ለሎኮሞቲቩ ሲለካ በጥላው ውስጥ ያሉት ሰዎች ይጠቁራሉ፤ ፊታቸው የማይለይ ጥቁር ቅርፅ ብቻ ይሆናሉ። ለሰዎቹ ሲለካ ደግሞ ሰማዩ ነጥቶ ይጠፋል፣ የሎኮሞቲቩም ግርማ ይቀንሳል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። ይህ የሙያ ጥያቄ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን ለማን እንደሚሠራ የመወሰን ጥያቄ ነው። በአብዛኛዎቹ የመሥመሩ ሥዕሎች ሰማዩ አሸንፏል።

ስለዚህ ለጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ ሊሰጥ የሚገባው ምክር ቀላል ነው። ባቡሩ ከሚያልፍበት ኩርባ ይልቅ ባቡሩ የሚቆምበትን ጣቢያ ይምረጥ። ማለዳና አመሻሽ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ፊትም ብረትም በአንድነት ይታያሉ፤ የጭነት ሥራም በአብዛኛው የሚሠራው ሙቀቱ በሚበርድበት በዚሁ ሰዓት ነው። በቀትርም ቢሆን ሰማዩን ለመተው ይድፈር።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

የጭነት ባቡርን ከሠራተኛው ጋር አንድ አድርጎ የማንሣት ሥራ በሌላ አገር በሚገባ ተሠርቷል። ጃክ ዴላኖ በዩክሬን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በአሜሪካ መንግሥት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ተልኮ ከቺካጎ እስከ ካሊፎርኒያ በጭነት ባቡር ተጓዘ። ፉርጎ የሚያቀጣጥሉትን፣ ፍሬን የሚይዙትን፣ ምልክት የሚሰጡትን አነሣ። በአዮዋ ግዛት በክሊንተን ከተማ ሎኮሞቲቭ የሚያጸዱ ሴቶችንም አንሥቷል። ከብዙዎቹ ሥዕሎች ጋር የሠራተኛው ስምና ሥራ ተጽፏል። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነው ይገኛሉ። ዴላኖ የመንግሥት ተላላኪ መሆኑ ሠራተኛውን በስሙ ከመጥራት አላገደውም።

በአንፃሩ ኦ ዊንስተን ሊንክ የተባለው ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1960 የኖርፎክና ዌስተርን ኩባንያ የመጨረሻ የእንፋሎት ባቡሮችን በብዙ አምፖሎች ብርሃን እየታገዘ በሌሊት አንሥቷል። አቢንግደን በሚባለው የገጠር ቅርንጫፍ መሥመርም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ባነሣው የታወቀ ሥዕል የጭነት ባቡር በመኪና ውስጥ ሆነው ሲኒማ ከሚያዩ ሰዎች ጀርባ ያልፋል። ሊንክ ሰዎቹን በቦታቸው አዘጋጅቶ ያስቀምጥ ስለነበር አንዳንድ ሐያስያን ሥራውን ከቴአትር ጋር ያመሳስሉታል። ያም ሆነ ይህ አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፦ ባቡሩ ትርጉም የሚያገኘው በአጠገቡ በሚኖረው ሰው ሕይወት ነው። ድምፁንም በቴፕ ቀርጾ አስቀርቷል።

የሁለቱን ዘዴ እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም። አገሩ ሌላ፣ ብርሃኑ ሌላ፣ አቅሙም ሌላ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ድልድይና ሐዲድ የጥበቃ ነገር ስለሆኑ ካሜራ ለያዘ ሰው ሁልጊዜ ክፍት አልነበሩም። በ1969 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ለወራት መቋረጡ ሲታወስ የጥንቃቄው ምክንያት ይገባል። ቢሆንም ፈቃድ በተገኘበት ጊዜ እንኳ ዓይኑ ወደ ብረቱ መሄዱ በጥበቃ ብቻ የሚሳበብ አይደለም።

የተዘጋው ሣጥን

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀመረ። በዚህ መሥመር ጭነቱ በአብዛኛው በኮንቴይነር ታሽጎ ከወደቡ ወደ ሞጆና ወደ እንዶዴ ያመራል። ክሬን ያነሣዋል፣ ክሬን ያወርደዋል። ለኢኮኖሚው ፍጥነት ማለት ነው፤ ለፎቶግራፍ አንሺው ግን ጭነቱ ተዘግቶበታል። ከሰማይ በድሮን የሚነሡት ሥዕሎች ረጅሙን ባቡር በቀዩ አፈር ላይ እንደ ክር ተዘርግቶ ያሳያሉ። ሰው ከዚያ ከፍታ ነጥብም አይሆንም። የመሐንዲሱ ዓይን አሁን ክንፍ አውጥቷል።

ነገር ግን ሕይወቱ ከሐዲዱ ዳር አልጠፋም። አርብቶ አደሩ ግመሉን ሐዲዱን ያሻግራል፤ ባቡር እንስሳ የገጨበት ጊዜ አለ፣ የካሣውም ጉዳይ አነጋግሯል። በእያንዳንዱ ጣቢያ ቆሞ ይገበያይ የነበረው አሮጌው ባቡር ሲቀር በጣቢያው ንግድ ይኖር የነበረው ሕዝብ ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረበት። አዲሱን ባቡር ማንሣት ማለት ይህን ሁሉ ማንሣት ነው፦ ከአጥሩ ወዲህ የቆመውን እረኛ፣ ባቡሩ ሳይቆም ሲያልፍ የሚመለከተውን መንደር።

ጉዳዩ ሐዲድ ያልደረሳትን ጅጅጋንም ይመለከታል። በጅጅጋ በኩል ጭነቱ የሚመጣው በቶጎ ውጫሌ መንገድ በከባድ መኪና ነው። የመኪናውን ረድኤት፣ የግመል ነጂውን፣ የገበያውን ሸክም ተሸካሚ ማንሣት ከጭነት ባቡሩ ሥዕል ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል። በከተማዪቱ ያለው ዩኒቨርሲቲና በክልሉ ያሉ የባህል ሠራተኞች ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን የሚያሳይ ስብስብ ለመጀመር አመቺ ቦታ ላይ ናቸው።

ስምና ፈቃድ

እስከ አሁን ከተባለው ሁሉ የሚከተለው አንድ ተግባር አለ፤ ይኸውም መግለጫ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ «የአይሻ ጣቢያ» ብቻ የተጻፈበት ሥዕልና የሰዎቹ ስም፣ ሥራቸው፣ የጭነቱ ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት ሥዕል እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ለታሪክ ጸሐፊው ማስረጃ፣ ለልጅ ልጆች ቅርስ ይሆናል። የኢሳ ሕዝብ ሄር ኢሴ የተባለውን ሕጉን በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ጠብቆ ለዘመናት ያስተላለፈ ሕዝብ ነው፤ ዩኔስኮም በ2017 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር መዝግቦታል። ሕግን ያህል ነገር በቃሉ የያዘ ሕዝብ በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ሊናገር የሚችል መሆኑ አያጠራጥርም። የጎደለው ጠያቂ ነው።

በዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመሥመሩ ላይ ይመላለስ የነበረው ንግድ ሁሉ ቀረጥ የከፈለ አልነበረም። ጥቅሏን ይዛ ከፉርጎ የምትወርድ ሴት ፊቷ በካሜራ ከተያዘና ስሟ ከተጻፈ ሥዕሉ የጉዳት ማስረጃ ሊሆንባት ይችላል። ሠራተኛውን በስሙ መጥራት ክብር የሚሆነው እርሱ ሲፈቅድ ነው። ያልፈቀደውን ሰው እጁን፣ ሸክሙን፣ በሐዲዱ ድንጋይ ላይ የተራመደበትን ዱካ ማንሣት ይቻላል፤ ጎበዝ ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ሳይታይም ሰውን ማሳየት ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው በየቤቱ ያለው ሥዕል ነው። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች በሠርግ፣ በጡረታ ስንብት፣ በጋራዡ በር ላይ የተነሡዋቸው ሥዕሎች በአልበምና በሣጥን ውስጥ አሉ። መሐንዲሱም ሆነ መንገደኛው ያላነሡት ነገር ካለ ያለው እዚያ ነው፤ ሰዎቹ በሥራ ልብሳቸው፣ በባልንጀሮቻቸው መካከል፣ በገዛ ፈቃዳቸው የቆሙበት ነውና። አሮጌው መሥመር ሲሠራ የነበሩት ሠራተኞች አርጅተዋል። እያንዳንዳቸው ሲያርፉ ሥዕሉ ይቀራል፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ስም ግን አብሮ ይቀበራል።

ስለሆነም ሥራው ተከፋፍሎ ሊሠራ ይገባዋል። የሽንሌና የአይሻ መምህራን ለተማሪዎቻቸው አንድ ሥዕል ከቤት አምጥተው በላዩ ያሉትን ሰዎች ከሽማግሌ ጠይቀው በሶማሊኛም በአማርኛም እንዲጽፉ ማዘዝ ይችላሉ። የባህል ሠራተኞች ሥዕሎቹን ቀድተው ዋናውን ለባለቤቱ በመመለስ ቅጂውን በክልሉ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ይችላሉ። ፎቶግራፍ አንሺዎችም ያነሡትን ሥዕል አትመው ለተነሣው ሰው መልሰው ቢያሳዩ መግለጫው በራሱ አንደበት ይታረማል። እንዲህ ያለው ስብስብ በሽንሌ ትምህርት ቤት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሎኮሞቲቩን ዓይነት አይሆንም፤ ከፉርጎው ሥር የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ነው፤ መልሱም ከሥሩ ተጽፎ ማግኘት አለበት።